ለ1964ቷ ሴስና የትከሻ ቀበቶ ስንገጥም፦ የሦስት ወር ማስታወሻ

ወንበሬን ሁሌ በምበርበት ቦታ ላይ አስተካከልኩ። የወገብ ቀበቶዬን አጥብቄ አሰርኩ። ጓደኛዬ ከኋላ ሆኖ ትከሻዬን ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ፊት ገፋኝ። ወገቤ ላይ እጥፍ አልኩ። ግንባሬ የመሣሪያ ሰሌዳውን ጠርዝ ነካ። ያውም በአውሮፕላን ማደሪያው፣ ሃንጋር ውስጥ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ማንም ሳይቸኩል። ግንባሬ በነካበት ቦታ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩ። ፕላስተሩ ሥራው እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሳም።

በዚች አውሮፕላን አራት ዓመት በርሬያለሁ። ባለቤቴን ከጎኔ፣ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ። ያቺ ልጅ መኪና ውስጥ ቀበቶ ካላሰረች ሞተር አላስነሳም። አውሮፕላን ላይ ግን ወገቧን ብቻ አስሬ እነሳ ነበር። ሳስበው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ይህን የምጽፈው የድሮ ሴስና ወይም ፓይፐር አውሮፕላን ላላችሁ፣ ወይም ለመግዛት ለምታስቡ ወገኖቼ ነው። እኔ የባከነብኝ ጊዜ እናንተ ላይ አይደገም።

አውሮፕላኗ ሴስና 172ኢ ናት፣ የ1964 ሞዴል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) 145 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ኮንቲኔንታል ሞተር አላት። ፍላፖቹ፣ ለማረፍ ሲባል ከክንፉ ኋላ የሚወርዱት ክፍሎች፣ የሚወርዱት በኤሌክትሪክ አይደለም። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ወለሉ ላይ የተኛ ረጅም የብረት ዘንግ አለ፤ እሱን በእጅ ስቦ ማንሳት ነው። የነዳጅ መምረጫዋም፣ ነዳጁ ከየትኛው ታንክ እንደሚመጣ የሚመርጠውና የሚዘጋው፣ እዚያው ወለሉ ላይ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልጉናል።

የመጀመሪያው እንቅፋቴ «አያስገድድም» የሚለው ቃል ነበር። አንድ የጥገና ቤት ስጠይቅ፣ «የአንተ አውሮፕላን አሮጌ ናት፣ ሕጉ አይመለከታትም፣ ገንዘብህን ለሬዲዮ አውለው» አሉኝ። ስለ ሕጉ ልክ ናቸው። በአሜሪካ ሕግ የፊት ወንበር የትከሻ ቀበቶ ግዴታ የሆነው ከጁላይ 18 ቀን 1978 በኋላ ለተሠሩ ትናንሽ አውሮፕላኖች ነው። ለሁሉም ወንበር ግዴታ የሆነው ደግሞ ከዲሴምበር 12 ቀን 1986 በኋላ ለተሠሩት። እንደ እኔዋ ከ1978ቱ ቀን በፊት የተሠራች በወገብ ቀበቶ ብቻ መብረር ትችላለች። ግን የሰው ደረት እና ጭንቅላት አውሮፕላኗ የተሠራችበትን ዓመት አይጠይቅም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ1985 ያወጣው ጥናት አለ። ባጠናቸው አደጋዎች ከሞቱት ሰዎች 20 በመቶው የትከሻ ቀበቶ ቢኖራቸው ሊተርፉ ይችሉ ነበር ይላል። ክፉኛ ከተጎዱት ደግሞ 88 በመቶው ጉዳታቸው በጣም በቀለለ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ የሬዲዮው ነገር ከሐሳቤ ወጣ።

ነገሩ አዲስ እውቀትም አይደለም። ሂው ደሄቨን የሚባል ወጣት በ1917 በብሪታንያ የበረራ ጓድ ሲሠለጥን አውሮፕላኑ አየር ላይ ከሌላ ጋር ተጋጨች። እሱ ተረፈ። ሆስፒታል ተኝቶ ሲያስበው፣ የውስጥ አካሉን የጎዳው ያው የገዛ ቀበቶው ዘለበት እንደነበር ገባው። ሰው ለምን እንደሚሞትና ለምን እንደሚተርፍ ሲመረምር ኖረ፤ በ1942 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአደጋ ጉዳት ጥናት ጀመረ። ዛሬ መኪናችን ላይ ያለውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ በ1959 ለቮልቮ የሠራው ኒልስ ቦሊንም፣ ከዚያ በፊት ሳብ ኩባንያ ውስጥ የተዋጊ አውሮፕላን ተወንጫፊ ወንበር ላይ ይሠራ ነበር። የመኪናችን ቀበቶ ከአውሮፕላን ሰው እጅ የወጣ ነው ማለት ነው። እኛ ደግሞ መኪናውን አቁመን ያለ እሱ አውሮፕላን ላይ እንወጣለን።

ሒሳቡን እኔም ወረቀት ላይ ሠራሁት። የእኔ ሴስና ፍላፕ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ስታርፍ ፍጥነቷ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ፍጥነት እርሻ ላይ በድንገት አርፋ፣ 3 ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ብትቆም፣ ሰውነቴ ላይ የሚመጣው ጫና ክብደቴን 9 ጊዜ ያህል ይሆናል። 77 ኪሎ ሰው ለዚያች ቅጽበት ወደ 700 ኪሎ ይሆናል። ሰባት ኩንታል ጤፍ በሉት። ያን ሁሉ ወገብ ላይ ያለች አንዲት ቀበቶ ትይዘዋለች፤ ከወገብ በላይ ያለው አካል ግን ነፃ ነው፣ ይወረወራል።

ሥራውን የመሩልኝ አንድ የአገሬ ሰው ናቸው። ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ የሠለጠኑ፣ እዚህ ቨርጂኒያ ከመጡ በኋላ የአሜሪካንን የመካኒክነት ፈቃድ ከነኢንስፔክተርነቱ የያዙ። ጋሼ ነው የምላቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ መጥተው ቀበቶዎቹን አዩ። እኔ ስለ ቀበቶ ዓይነት ጥያቄ ላዥጎደጉድ ተዘጋጅቻለሁ። እሳቸው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ቀበቶውን ተወውና መጀመሪያ የምታስርበትን አሳየኝ» አሉኝ።

ኮርኒሱን አወረድነው። የስድሳ ዓመት ጨርቅ ነው፤ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ከላይ፣ በግራ በኩል፣ አንድ ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። ከድሮ ባለቤቶች አንዱ የትከሻ ቀበቶ ለመግጠም ሞክሮ ኖሯል። የብረት ቀለበት በሁለት ብሎን ታስሯል፤ የታሰረው ግን ከላሜራው ጋር ብቻ ነው። የአውሮፕላኗ የጥገና መዝገብ፣ ሎግቡኩ ውስጥ አንድም መስመር አልተጻፈበትም። ጋሼ ቀለበቱን በፒንሳ ያዙና ጎተት አደረጉት። ላሜራው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ጓ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፣ ሲለቁት ጓ ብሎ ተመለሰ። በሁለት ጣት ጉልበት ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

«ይኼ ሰው ቀበቶ አለኝ ብሎ ይበር ነበር» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ሐዘንም ነበር።

ዋናው ትምህርት ለእኔ ይኼ ነው። የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን፣ ኤፍኤኤ፣ ለዚህ ሥራ ያዘጋጀው መመሪያ 43.13-2ቢ ይባላል፤ ምዕራፍ 9ን አንብቡት። ከዘጠኝ እጥፉ ጫና 60 በመቶውን ለወገብ ቀበቶ፣ 40 በመቶውን ለትከሻ ቀበቶ ያካፍላል። ማያያዣው ላይ ደግሞ በ1.33 ያባዛዋል። ለ77 ኪሎ ሰው ስታሰሉት የትከሻ ቀበቶው የታሰረበት ነጥብ 370 ኪሎ ገደማ ችሎ መቆም አለበት። ላሜራ ይህን አይችልም። የሚችለው የአውሮፕላኗ አጥንት ነው፦ በጣሪያው ውስጥ ከክንፍ ወደ ክንፍ የሚያልፈው ተሻጋሪ ምሰሶ፣ ወይም አምራቹ ለዚሁ ብሎ ያጠነከረው ቦታ።

አንግሉም የራሱ ሕግ አለው። ቀበቶው ከትከሻ ተነስቶ ወደ ኋላ ሲሄድ ከአግድም መስመር እስከ 30 ዲግሪ ከፍ ቢል ጥሩ ነው። ዝቅ ካለ ከ5 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ከዚያ በታች ከታሰረ ሰውዬው ወደ ፊት ሲወረወር ትከሻውን ወደ ታች ይስባል፤ ጫናው አከርካሪው ላይ ያርፋል። ወለሉ ላይ የታሰረ የትከሻ ቀበቶ ያየ ሰው ካለ ይህን ይንገረው። እኛ በስልክ አንግል መለኪያ ለካን፦ ለእኔ 22 ዲግሪ፣ በቁመት ከእኔ ለምታንሰው ባለቤቴ 27።

ቀጥሎ የዓይነት ምርጫ መጣ። እኔ ርካሹን፣ ርዝመቱ ቋሚ የሆነውን ልገዛ ነበር። ጋሼ አልተከራከሩኝም። «ነጠላ አለ?» ብለው ባለቤቴን ጠየቋት። ነጠላውን አጣጥፈው ትከሻዬን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ጥብቅ አድርገው አሰሩኝ። «በል አሁን ነዳጁን ዝጋ» አሉኝ። እጄን ዘረጋሁ። የነዳጅ መምረጫው አንድ ስንዝር ቀረኝ። «ፍላፕ አውርድ።» ዘንጉን በጣቴ ጫፍ ነካሁት እንጂ መጨበጥ አቃተኝ። ሞተር ጠፍቶ ሜዳ ላይ ልናርፍ ስንል መጀመሪያ የሚፈለጉት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። እዚያ ሰዓት ላይ ሰው ቀበቶውን ይፈታዋል፤ ከዚያ መልሶ ለማሰር ጊዜ የለውም። ክርክሩ በነጠላ አለቀ።

የገዛነው ኢነርሺያ ሪል ያለው ነው፤ በቀስታ ሲሳብ የሚለቅ፣ ድንገት ሲሳብ የሚነክስ። ሁለት ማንገቻ ኖሮት ደረት ላይ ወርዶ ከወገብ ቀበቶው ዘለበት ጋር የሚያያዝ ባለ አራት ነጥብ። የወገብ ቀበቶዎቹንም አብረን ቀየርን። የድሮዎቹ ፀሐይ በልቷቸው ነበር፤ ጠርዛቸው ተተርትሮ እንደ አሮጌ ገመድ ጸጉር አውጥቷል፣ የማረጋገጫ መለያቸውም አይነበብም። ዋጋው ተደምሮ ከአንድ አዲስ ጂፒኤስ ናቪጌተር በብዙ ያንሳል።

ዕቃው መጀመሪያ ሲመጣ የሌላ ሞዴል ሆኖ ተገኘ። ሻጩ የጠየቀኝ ሞዴሉን ብቻ ነበር፤ እኔም የአውሮፕላኗን ሴሪያል ቁጥር አላያያዝኩም። ሁለት ሳምንት ሄደ። እናንተ ስታዙ ሴሪያል ቁጥሩን በጽሑፍ ላኩ፤ የዕቃው የመግጠሚያ ፈቃድ ያንን ቁጥር ያካትት እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ። አሜሪካ ውስጥ ያረጀ የወገብ ቀበቶን በተመሳሳይ መተካት ባለቤቱ ራሱ፣ የፓይለት ፈቃድ እስካለው ድረስ፣ ሊሠራው የሚችል ጥገና ነው። የትከሻ ቀበቶ አዲስ መግጠም ግን ከዚያ ውጭ ነው። ኤፍኤኤ በ2000 ባወጣው መመሪያ፣ አካሏ ሳይበሳና ሳይበየድ የሚገጠመውን እንደ ቀላል ለውጥ እንዲታይ መንገድ ከፍቷል። የእኛ ግን የተፈቀደ የማሻሻያ ሰነድ ያለው ሆኖ ለትልልቅ ለውጦች በሚሞላው የኤፍኤኤ ፎርም 337 ተመዘገበ። እኔ በጋሼ ቁጥጥር ሥር ሠራሁ፣ እሳቸው መርምረው ፈረሙ።

በመጨረሻ የመግጠሙ ቅዳሜ መጣ። የቀበቶውን መያዣ ብረት ከምሰሶው ጋር አስማማን። ስዕሉ ከሚያሳየው ውጭ አንድም ቀዳዳ አልበሳንም፤ ጋሼ ትራፓኖውን ለእኔ የሰጡኝ ስዕሉን ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ ካነበብኩላቸው በኋላ ነው። ብሎን፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ። ድሮ የወጡትን ዳዶዎች ልመልስ ስል እጄን ያዙኝ። ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ አንዴ ከላላ በእጅ ይዞርልህ ከሆነ ሥራውን ጨርሷል፣ ጣለው አሉ። የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች፣ አጥብቀን እያንዳንዱ ላይ ቀይ የቀለም መስመር አሰመርን። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ምርመራ በዓይን ይታያል።

እግረ መንገዳችንን የወንበሮቹን ሐዲድ መረመርን። አውሮፕላኗ ከመሬት ስትነሳ የሴስና ወንበር ወደ ኋላ መንሸራተቱ ሰው የገደለ ችግር ነው፤ ኤፍኤኤም አስገዳጅ መመሪያ አውጥቶበታል፣ ቁጥሩ 2011-10-09። የቀኙ ወንበር መቆለፊያ ሞላ ደክሞ አገኘነውና ቀየርነው።

ከዚያ ያንን የፕላስተር ፈተና ደገምነው። አሰርኩ። ጓደኛዬ እንደ መጀመሪያው ቀን ቀስ አድርጎ ገፋኝ። ሪሉ ለቀቀ፣ ለቀቀ፣ ግንባሬ ፕላስተሩ ጋ ደረሰ። ልቤ ቀጥ አለ። ሦስት ወር ሠርተን!

ጋሼ ትከሻዬን ነካ አደረጉ። «ልጄ፣ አደጋ ቀስ ብሎ አይገፋም። ድንገት ግፋው» አሉት ጓደኛዬን። ገፋኝ። ቀጭ አለ። ሁለቱ ማንገቻዎች ደረቴን ያዙት፣ ግንባሬ እና ፕላስተሩ መካከል ሁለት ስንዝር ያህል ቀረ። ለቀቀኝ፤ ዘንበል ብዬ የነዳጅ መምረጫውን ጨበጥኩ። ፍላፑን እስከ 40 ዲግሪ ሳብኩት። ባለቤቴም ተቀምጣ ሞከረች። ያኔ ነው ፕላስተሩን የላጥኩት።

የወጣውንና የገባውን ዕቃ መዘንን። ልዩነቱ ወደ 1 ኪሎ ተኩል ነው፤ በክብደትና ሚዛን ሰነዷ ላይ ገባ።

እስካሁን 11 ሰዓት በርሬበታለሁ። ማንገቻው አንገት ላይ እንዳይወጣ ከመሬት ከመነሳቴ በፊት መጀመሪያ የወገቡን ዝቅ አድርጌ የዳሌ አጥንቴ ላይ አጠብቃለሁ፣ ከዚያ የትከሻውን አያይዛለሁ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዘለበቱ ወደ ሆድ ይወጣል፤ ደሄቨንን የጎዳውም የሆድ ላይ ዘለበት ነው። ከቀበቶው ጋር ለመላመድ ግን ጊዜ አልወሰደብኝም፤ ዞር ብዬ ትራፊክ ሳይ ቀበቶው አብሮኝ ይሄዳል።

የኋላው ወንበር ገና ነው። እዚያ በኩል ማሰሪያው የት እንደሚያርፍ ጋሼ ስዕሉን እያዩ ነው፤ ዕቃው ለክረምት ይደርሳል ብለን እንጠብቃለን። እስከዚያ ኋላ ሰው አላስቀምጥም። ልጄ ስትመጣ ፊት፣ ጎኔ ነው የምትቀመጠው። ባለፈው እሑድ ራሷ አሰረችው፣ ድንገት ጎትታ ቀጭ ማለቱን አረጋገጠች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የእኔንም ጎተተችው።