መብራት አጥፍቼ ያየኋቸው የድሮ አስፈሪ ፊልሞች

የ1931ዱን (እ.ኤ.አ.) «ፍራንከንስታይን» መጀመሪያ ያየሁት ታክሲ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በስልኬ ነው። ግማሹ ላይ ሰለቸኝና ዘጋሁት። ለዓመታትም የድሮዎቹ ጥቁርና ነጭ የሆሊውድ ሆረር ፊልሞች አያስፈሩም እያልኩ ስከራከር ኖሬያለሁ።

ባለፈው ክረምት ግን እንደ ገና ልያቸው ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ ላይ በአንድ ሌሊት ሦስት ፊልም አከታተልኩ። ጠዋት ስነሳ የቱ ትዕይንት የየትኛው ፊልም እንደሆነ ተምታታብኝ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ፣ ዓርብ ማታ ብቻ እንዲሆን ወሰንኩ። አብዛኞቹ ከሰባና ሰማንያ ደቂቃ አይበልጡም፤ ጊዜ አይሻሙም።

ስልኬን መኝታ ቤት ትቼ፣ መጋረጃ ዘግቼ፣ የሳሎኑን መብራት አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ሴቲንግም አጠፋሁት። እሱ ሲበራ የዘጠና ዓመት ፊልም ትናንት የተቀረጸ ድራማ ይመስላል። ከሁሉም በላይ ግን ቅጂው ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት የ«ድራኩላ» ቅጂ ከቅጂ እየተደጋገመ የተገለበጠ ነበር፤ ጥቁሩም ነጩም ግራጫ ጭቃ ሆኗል። በኋላ የታደሰውን ሳገኝ ደነገጥኩ። ድራኩላን ሆኖ የሚጫወተው ቤላ ሉጎሲ ትክ ብሎ ሲያይ ቀጭን ብርሃን ዓይኖቹ ላይ ብቻ ያርፋል፣ የቀረው ፊቱ ጥላ ውስጥ ነው። ካሜራውን የያዘው ጀርመን ውስጥ በጥላና ብርሃን ሥራው ስም ያተረፈው ካርል ፍሮይንድ ነው። በመጥፎ ቅጂ ያየ ሰው የእሱን ሥራ አላየም ማለት ይቻላል።

ሆኖም ለጀማሪ «ድራኩላ»ን አልመክርም። ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ለንደን ሲገባ ከመድረክ ቴአትር መምጣቱ ያስታውቃል። ሰዎች ሳሎን ቆመው ያወራሉ። (ፊልሙ በተቀረጸበት በዚያው ስቱዲዮ፣ ሌሊት ሌሊት፣ በሌሎች ተዋንያን የተቀረጸ የስፓኒሽ ቅጂም አለው። ካሜራው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይንቀሳቀሳል። ሉጎሲ ግን የለበትም፤ ለእኔ ያ ትልቅ ጉድለት ነው።)

ጀማሪ ከ«ፍራንከንስታይን» ይነሳ። ያ በስልክ የዘጋሁት ፊልም በጨለማ ሌላ ፊልም ሆነብኝ። ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። አሁን የለመድነው ሆረር «አሁን ደንግጥ» የሚለን በድምፅ ነው። እዚህ ግን ከባድ የእግር ኮቴ ይሰማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ዶክተር ፍራንከንስታይን ከሬሳ የሠራው ፍጡር ጀርባውን ሰጥቶ ይገባል። ቀስ ብሎ ይዞራል። ከዚያ ምስሉ ይቆረጥና ፊቱ ቀረብ ይላል፤ እንደ ገና ይቆረጥና የበለጠ ይቀርባል። ጸጥ እረጭ ያለ ነው። ትንፋሼን ውጬ ቀረሁ።

ያንን ፊት የሠራው የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ ነው፤ ግን ፍጡሩን ሆኖ የሚጫወተው ቦሪስ ካርሎፍም አግዞታል። ዓይኖቹ ንቁ ሆነው ስላስቸገሩት የዓይኑ ቆብ ላይ ሰም ተደረገለት። ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሲያወጣው ደግሞ አንድ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገባ። በፊልሙ መግቢያ ላይ ስሙ እንኳን አልተጻፈም፤ በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው ያለው።

ያን ዓርብ እናቴ ውሃ ልትጠጣ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እንግሊዝኛ አትሰማም። ዶክተሩ የጣሪያውን መስኮት የከፈተበት ቦታ ላይ ነበርን። ከላይ ብርሃን ይፈሳል። ፍጡሩ ቀና ይላል፣ ይነሳል፣ እጆቹን ዘርግቶ ብርሃኑን ሊይዘው ይሞክራል። መስኮቱ ሲዘጋበት እጆቹን ወደ ዶክተሩ ይዘረጋል፤ እንደሚለምን ሰው።

«ውይ፣ ምስኪን!» አለች እማዬ። «ምን አደረጋቸው?»

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መፍራት አለመፍራቴን ብቻ ነበር የምለካው። እሷ በአንድ እይታ ፊልሙ ስለምን እንደሆነ ገባት። ቁጭ አለችና አብረን ጨረስነው። ሐይቁ ዳር ከትንሿ ልጅ ጋር አበባ ውሃ ላይ እየጣሉ ሲጫወቱ ፈገግ አለች። አበባው ሲያልቅበት ልጅቷም የምትንሳፈፍ መስሎት ወረወራት። እማዬ አፏን ያዘች። ይህን ክፍል ሳንሱር ቆርጦት ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይታይ ቆይቷል። የተቆረጠው ደግሞ እጁን ወደ ልጅቷ ሲሰድ ስለነበር፣ ተመልካቹ በጭንቅላቱ የባሰ ነገር እንዲያስብ ተገደደ። ክፉ ሊያደርግ እንዳልፈለገ የሚያሳየውን ቦታ ነው ያወጡት። ይህን ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል።

ከሌሎቹ በጣም የወደድኩት ወደ አውሬ እለወጣለሁ ብላ ስለምትፈራ ሴት የሚያወራውን የ1942ቱን «ካት ፒፕል» ነው። በጀቱ ትንሽ ስለነበር ፕሮዲውሰሩ ቫል ሉተንና ዳይሬክተሩ ዣክ ተርነር አውሬውን ከማሳየት ይልቅ ጥላውን መረጡ። አንዲት ሴት ሌሊት በጭር ያለ መንገድ ትሄዳለች። ከኋላዋ የሌላ ሴት ጫማ ቋ፣ ቋ ይላል። ድንገት የኋለኛው ኮቴ ይቆማል። ያ ዝምታ ከየትኛውም ጩኸት ይበልጥ አስፈራኝ። እዚያ ትዕይንት ላይ አውሬ አይታይም። ያቺን ዝምታ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ቢሆን ኖሮ አልሰማትም ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ እማዬ ራት እያነሳች «ያ ምስኪን ዛሬም አለ?» አለችኝ። ተከታዩን፣ የ1935ቱን «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» ከፈትኩላት። ፍጡሩ ቆስሎ፣ ሰው ሁሉ እያባረረው ጫካ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ቤት ይደርሳል። ሽማግሌው መልኩን አያይም። አስገብቶ ዳቦ ይሰጠዋል፣ «ጓደኛ» የሚለውን ቃል ያስተምረዋል።

እማዬ መቀመጫዋን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። «እንዲህ ነው እንጂ» አለች፣ ለሽማግሌው።