በድሬዳዋ የአኩፓንክቸር ክፍል ለቁጥጥር እንዴት አዘጋጀሁ

ወረቀቱ ጊዜ ይፈጃል እንጂ አይከብድም፤ የሚከብደው መርፌ መቁጠር ነው። በአንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ውስጥ የአኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ በመትከል የሚሰጥ ሕክምና) ክፍሉን ሳዘጋጅ በወረቀቱ ጀመርኩ።

የባለሙያዋ ፈቃድ ከካሊፎርኒያ የወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ አኩፓንክቸርን የሚፈቅደው ግዛቱ ነው፤ ኔቫዳ በ1973 እ.ኤ.አ. ቀድማ ጀምራለች። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ዲፕሎማ፣ የብሔራዊ ቦርዱን ምስክር ወረቀትና የግዛቱን ፈቃድ ለየብቻ አየሁ። እዚያ ለመሥራት የሚያበቃው የግዛቱ ፈቃድ ነው። ቁጥሩን በግዛቱ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አስገብቼ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀንና የዲሲፕሊን ውሳኔ መኖር አለመኖሩን አረጋገጥኩ፤ ገጹንም አትሜ ቀን ጻፍኩበት። የሥልጠናውን ሰዓትም አስላሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ሐኪም ላልሆነ ባለሙያ 2500 ሰዓት ይላል፤ ከዚህ ውስጥ 1000ው የተግባር ነው። ትራንስክሪፕቱ ሰዓት ካልጠቀሰ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ማስጻፍ ግድ ነው።

ፋይል የሚያስመልሰው ብዙ ጊዜ ስም ነው። ዲፕሎማው እስከ አባት፣ ፓስፖርቱ እስከ አያት ይጽፋል፤ የላቲን ፊደሉም ይለያያል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጸው ማስረጃ ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር አብሮ በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት።

በእኛ አገር በኩል ከምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002 ጀምሮ የባለሙያው የሙያ ፈቃድና የተቋሙ የብቃት ማረጋገጫ የተለያዩ ናቸው። ክሊኒኩ ለፊዚዮቴራፒ ስለተፈቀደለት መርፌውም አብሮ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የአገልግሎቱን ዝርዝር ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አቅርቤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበልኩ። በቃል የተባለ «ይቻላል» የተናገረው ሰው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ደንበኞች ዋግምት፣ ሒጃማም የሚሉት አሉ፣ እዚያው ክፍል እንዲሠራላቸው ይጠይቃሉ። እሱን ከአገልግሎቱ ዝርዝር አስወጣሁ፤ ደም ስለሚፈስበት ዕቃውም ቆሻሻውም ሌላ አያያዝ ይፈልጋል።

መርፌው ውፍረቱ 0.25፣ ርዝመቱ 40 ሚሊሜትር፣ ለየብቻ የታሸገና አንዴ ብቻ የሚያገለግል ነው። እሽጉ ላይ ያለው የመጠቀሚያ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ መዝገባችን ግን በኢትዮጵያ። በ2017 ላይ ሆኖ «03/2024» የሚለውን ያነበበ ሠራተኛ ሰባት ዓመት የቀረው ይመስለዋል፤ መርፌው ግን ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ ካርቶኑ እንደገባ ሁለቱንም ቀን በማርከር እጽፍበታለሁ። መጋዘኑ ቆርቆሮ ሥር አይሁን፤ የድሬ ሙቀት ለእሽግም ለአልኮልም አይመችም።

በጣሳ ተነክሮ የሚቀመጠውን ጥጥ አስወገድኩ። ጣሳው በየጊዜው ይከፈታል፣ አልኮሉ ይተናል፣ ጥጡም ይበከላል። ላብ ያለበትን ቆዳ መጀመሪያ ማድረቅ፣ ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል መጥረግና ራሱ እስኪደርቅ 30 ሰከንድ ያህል መጠበቅ ነው። እርጥብ ላይ ከተወጋ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ቆጠራው። በእያንዳንዱ ታካሚ መስመር ላይ «የገባ 12፣ የወጣ 12» ተብሎ ይጻፋል፤ የነቀለው ሰው ይፈርማል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ ታካሚው ከአልጋው አይወርድም። የሚረሳው በብዛት ፀጉር ውስጥ፣ ከጆሮ ኋላና በሽርጥ እጥፋት ሥር ያለው ነው፤ ስለዚህ ልብሱን ከመርፌው በፊት ማስተካከል ይሻላል። በመጀመሪያ አካባቢ ቆጠራውን በቀኑ መጨረሻ አደረግነው፤ የማን መርፌ እንደጎደለ ማወቅ አልተቻለም። ያ ስህተት የእኔ ነበር።

ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ከአልጋው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይቀመጣል፤ ከአራት ሦስት እጁ ሲሞላ ይዘጋል። ይህ መርፌ ቀጭን ስለሆነ ቦክሱ ቢጋደም በአፉ ሾልኮ ይወጣል፤ ማቆሚያ አሠራሁለት። ማቃጠያ ካለው ተቋም ጋር የጽሑፍ ውል ያዝኩ፤ የተረከቡበትን ደረሰኝ በየቀኑ ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ሠራተኞች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይወስዳሉ። ባገለገለ መርፌ በድንገት የተወጋ ሰው የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱን ቶሎ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ትከሻና ደረት ላይ መርፌ ጠልቆ ከገባ ሳንባን ሊበሳ ይችላል፤ ምልክቱም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። እዚያ የተወጋ ታካሚ ሁሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ይወጣል፦ «ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ደረትዎን ከወጋዎ እስከ ነገ አይጠብቁ፤ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ደረትዎ ላይ መርፌ እንደተደረገልዎ ይንገሩ።»