የጀበና እጀታ ያለው ፍጥረት

ዛሬ ሐዋሳ፣ እማዬ ጓሮ ስኳር ድንች ስንቆፍር ዶማዬ አንድ ቀላ ያለ ቡናማ ነገር ገለበጠ። ጣት ያህላል፤ ራሱ በኩል እንደ ጀበና እጀታ የተቆለመመ ነገር አለው። እማዬ «ጣለው!» ስትለኝ መዳፌ ላይ ጅራቱን አወዛወዘ። በሕይወት አለ!

ያ እጀታ የምላሱ ማኅደር ነው። የስኳር ድንቹን ቅጠል ሲበላ የከረመው፣ ጅራቱ ላይ ቀንድ ያለው ወፍራም አባጨጓሬ አፈር ገብቶ ነው እንዲህ የሆነው። ሲወጣ ክንፉ ግራጫ፣ ሆዱ ሮዝና ጥቁር ቀለበት የተደረደረበት፣ ምላሱ ከሰውነቱ የሚረዝም የእሳት እራት ይሆናል። ክንፉ ሲዘረጋ 10 ሴንቲ ሜትር ያህላል፤ ሲመሽ አበባ ፊት አየር ላይ ቆሞ ወለላውን ይመጥጣል።

እማዬን ለምኜ አፈር በሞላ ጣሳ አስቀመጥኩት። እስካሁን ሦስት ጊዜ ተነሥቼ አይቼዋለሁ።