ስፒከር ከመግዛት በፊት ስፒከሩን ማንቀሳቀስ

የቤት ድምፅ አልጥም ሲል መጀመሪያ የሚታሰበው ሌላ ስፒከር መግዛት ነው። ጆሯችን የሚሰማው ግን ስፒከሩን ብቻ አይደለም፤ ከግድግዳ፣ ከወለልና ከጣሪያ ተጋጭቶ የሚመለሰውንም ነው። በተለይ ከ200 ኸርዝ (በሰከንድ 200 ንዝረት) በታች ያለውን ጎርናና ድምፅ ከስፒከሩ ዋጋ ይልቅ ክፍሉ ይወስነዋል። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ከቦታው ጀምሩ፤ እሱ ምንም አያስወጣም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሽቦውን እዩ። በአንዱ ስፒከር ላይ ቀዩና ጥቁሩ ተገላብጠው ከታሰሩ፣ የአንዱ ኮን (ድምፁን የሚያወጣው ተንቀጥቃጭ ሽፋን) ወደ ፊት ሲገፋ የሌላው ወደ ኋላ ይሳባል። ያኔ ቤዙ ይጠፋል፣ የዘፋኙም ድምፅ መሃል ላይ መቆሙን ትቶ በክፍሉ ይበተናል። ለማጣራት ሁለቱን ስፒከሮች ጎን ለጎን አስጠግታችሁ ቤዝ ያለው ሞኖ (በሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ የሚወጣበት) ቅጂ አጫውቱ። ከዚያ አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ የአንዱን ስፒከር ሽቦ ብቻ ገልብጡና እንደገና ስሙ። ቤዙ የሚሞላው የትኛው ላይ ነው? ትክክሉ እሱ ነው። አምፕሊፋየሩ እየሠራ ሽቦ መነካካት አደገኛ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ከተነካኩ ሊቃጠል ይችላል።

ቀጥሎ አቀማመጥ። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀት ከእያንዳንዳቸው እስከ ጆሯችሁ ካለው ጋር እኩል ይሁን፤ 2 ሜትር ከሆነ ሁሉም 2 ሜትር። ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) ተቀምጣችሁ ከጆሯችሁ ከፍታ ጋር ይስተካከል፤ ብዙ ጊዜ ከወለሉ ከ90 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱ ስፒከር ጥግ ተወሽቆ ሌላው ክፍት ቦታ ላይ ከቆመ የትኛውም ማስተካከያ መሃሉን አይመልሰውም።

ስፒከሩ ከኋላው ካለው ግድግዳ ያለው ርቀት ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ዝቅተኛ ድምፅ ከስፒከሩ በሁሉም አቅጣጫ ይወጣል። ወደ ኋላ የሄደው ከግድግዳው ተመልሶ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ (የንዝረት ቁጥር) ላይ ሁለቱ ይጠፋፋሉ፤ እዚያ ላይ በድምፁ ውስጥ ጉድጓድ ይፈጠራል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 343ን (ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘውን ሜትር) ከስፒከሩ ፊት እስከ ግድግዳው ላለው ርቀት (በሜትር) 4 እጥፍ አካፍሉ። 1 ሜትር ከሆነ ጉድጓዱ 86 ኸርዝ አካባቢ፣ ግማሽ ሜትር ከሆነ ደግሞ 171 ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። ስፒከሩን ወደ ግድግዳው ባስጠጋችሁት ቁጥር ጉድጓዱ ወደ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ይወጣል፤ እዚያ ስፒከሩ ድምፁን በአብዛኛው ወደ ፊት ስለሚልክ ጉዳቱ ይቀንሳል። በአንጻሩ ቤዙ እስከ 6 ዲሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ይጨምራል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ትንሽ ስፒከር ግድግዳውን መጠጋቱ ይጠቅመዋል፤ ትልቁ ግን ይጎረናል። የቤዝ ቀዳዳው ከኋላ ከሆነ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉለት። ቤዙ አሁንም ከበዛ ቀዳዳውን በስፖንጅ መድፈን ይቻላል። የጎንና የኋላ ግድግዳ ርቀቶች እኩል እንዳይሆኑም ተጠንቀቁ፤ ሁለቱ ጉድጓዶች አንድ ቦታ ላይ ተደርበው ይጠልቃሉ።

የመቀመጫችሁም ቦታ ዋጋ አለው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ ላይ ያስተጋባል። ያ ድምፅ ግድግዳ ሥር ይከብዳል፣ መሃል ላይ ግን ይጠፋል። ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ተለጥፎ ከሆነ ቤዙ የሚያፍነው ለዚህ ነው፤ 50 ሴንቲ ሜትር ማራቅ እንኳ ይሰማል።

አሁን አጨብጭቡ። ጥርት ብሎ ከመቆም ይልቅ ዝርር የሚል ከሆነ ክፍሉ ባዶ ነው። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ከፍ ያለውን ድምፅ ያረጋጋሉ። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ግን ልፋት ብቻ ነው፤ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅም ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ውጦ ጎርናናውን ይተወዋል። ግድግዳው በሙሉ ስፖንጅ የለበሰበት ክፍል ጆሮ የሚያደክመው ለዚህ ነው።

የሚሠራው ፓኔል እቤት ይሠራል። 60 በ120 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ፍሬም፣ ውስጡ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራ፣ ሮክ ውል የሚባለው)፤ እፍጋቱ በሜትር ኩብ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ቢሆን ጥሩ ነው። ሽፋኑ በአፍ ሲነፋ አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ይሁን። ሱፉን ስትቆርጡ ጓንትና ማስክ አድርጉ። ስትሰቅሉት ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አርቁት፤ ክፍተቱ ዝቅ ወዳለው ድምፅ ይደርስለታል። የት ይሰቀል? እናንተ ተቀምጣችሁ ሌላ ሰው በጎን ግድግዳው ላይ መስታወት ያንሸራትት፤ ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ የሚታያችሁ ቦታ ላይ ነው።

ስለ ውድ ገመድ ብዙ አልልም። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ስፒከሩ 5 ሜትር ቢርቅ፣ ደርሶ መልሱ 0.12 ኦም አካባቢ ነው። ለ8 ኦም ስፒከር ይህ ምንም አይደለም።

ኢኳላይዘር (የተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎችን ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ ማስተካከያ) የመጨረሻው እጅ ነው። በኮምፒውተር ለሚያዳምጥ፣ ለመለካት ሩም ኢኪው ዊዛርድ፣ ለማስተካከል ኢኳላይዘር ኤፒኦ፣ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ለመለካት መለኪያ ማይክ ቢገኝ ይሻላል፤ የስልክ ማይክ ቤዝ ላይ ብዙም አይታመንም። ጉብታዎቹን (ድምፁ የሚበዛባቸውን ቦታዎች) ቀንሱ፣ ጉድጓዶቹን ግን አትሙሉ። 6 ዲሲቤል መጨመር አምፕሊፋየሩን 4 እጥፍ ዋት ያስጠይቀዋል፤ የጨመራችሁት ቤዝ ደግሞ ከግድግዳው ከሚመለሰው ጋር እንደገና ይጠፋፋል። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፅ ሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ መጀመሪያ የሚቃጠለውም ትዊተሩ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ስፒከር መቀየር ካስፈለገ ያገለገለ ፈልጉ። ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶች እኩል ገፋ አድርጉት፤ የመፋቅ ድምፅ ካለ ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅልል እየተነካካ ነውና ተዉት። በኮኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜ ይፈረፈራል። ቀለበቱ ብቻ ከሆነ የተበላሸው ይቀየራል፣ ዋጋውንም ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው።