ኪንግስተን አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ከሻሸመኔ ወደ ኪንግስተን የሚደውል፣ ዋሽንግተን ተቀምጦ የሦስት አገር ሰዎች የሚገናኙበትን ጉባኤ የሚያስተባብር፣ ሩጫ በቀጥታ ለማየት ከእንቅልፉ የሚነሳ፣ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጃማይካ አሁን ስንት ሰዓት ነው? መልሱ ብዙዎች ከሚያስቡት ይቀላል። የሚያወሳስበው ጃማይካን በአሜሪካ ሰዓት የመለካት ልማድ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በአንድ ቦታ አስፍሬው ላስቀምጥ።

ጃማይካ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ (የዓለም አገሮች ሰዓታቸውን ከሚለኩበት የጋራ ሰዓት) 5 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እንደ አሜሪካ በማርች ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ፊት አትገፋም፣ በኖቬምበርም አትመልስም። ኢትዮጵያም ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንደቀደመች ዓመቱ ይዞርላታል። ስለዚህ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት በጥርም በሐምሌም 8 ሰዓት ነው። ይህን የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ ከዚህ ተነስቶ ያገኘዋል።

በሀበሻ ሰዓት ለምንቆጥር ሰዎች ደግሞ ስሌቱ ይበልጥ ያጥራል። የእኛ ሰዓት ከፈረንጁ 6 ያንሳል፣ ከ8 ላይ 6 ሲነሳ 2 ይቀራል። ስለዚህ ኪንግስተን ያለ ሰው ሰዓቱ ላይ በሚያየው ቁጥር ላይ 2 ደምሩ፤ የአዲስ አበባ ሰዓት እሱ ነው። እዚያ 7 ሲሆን አዲስ አበባ 9 ነው። ድምሩ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱለት፤ እዚያ 11 ከሆነ 13 ይመጣል፣ ማለትም 1 ሰዓት። ከእኛ ወደ እነሱ ሲሆን 2 መቀነስ ነው። ደቂቃው አይነካም።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ቀኑንና ሌሊቱን መለየት ነው፣ ስህተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። ኪንግስተን ከጠዋቱ 10 እስከ ማታ 10 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ ከማታው 12 እስከ ንጋት 12 ያለው ጨለማ ውስጥ ናት። ከማታ 10 እስከ ጠዋት 10 ባለው ጊዜ ደግሞ አዲስ አበባ ቀን ነው። ቀኑ የሚለወጥበት ድንበር በኪንግስተን ከሰዓት በኋላ 4 ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በኢትዮጵያ ማግሥቱ ገብቷል።

ለምሳሌ በኪንግስተን ብሔራዊ ስታዲየም ዓርብ ከምሽቱ 6 ሰዓት ላይ የሚጀመር ውድድር አለ እንበል። ሁለት ሲደመር 8 ይሆናል። ሰዓቱ ከ4 ስላለፈ ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋት 10 እስከ ማታ 10 ባለው ውስጥ ስለሆነም ሌሊት ነው። ይህን ለሰው ስትነግሩ «ዓርብ ሌሊት 8 ሰዓት» ብቻ ካላችሁት አንዱ አንድ ቀን ቀድሞ ይነሳል። «ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉለት። በ2025 ከኤፕሪል 4 እስከ 6 እነ እጅጋየሁ ታዬ በዚሁ ስታዲየም ሲሮጡ እንዲህ በትክክል የተጻፈ የሰዓት ማስታወቂያ ለተመልካቹ በጣም ያስፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። ብዙ ሰው «ጃማይካና ኒውዮርክ አንድ ሰዓት ናቸው» ይላል። አባባሉ እውነት የሚሆነው ከኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛ እሑድ ድረስ ላሉት አራት ወራት ገደማ ብቻ ነው። በቀሩት ስምንት ወራት ኒውዮርክ፣ ዋሽንግተንና አትላንታ ጃማይካን በአንድ ሰዓት ይቀድሟታል። በ2026 ለውጡ ማርች 8 እና ኖቬምበር 1 ላይ ነው። ከአውሮፓ ሲታይ መቀየሪያው ሌላ ነው፤ የማርች የመጨረሻ እሑድና የኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ። ለንደን በፈረንጆቹ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ ከኪንግስተን በ5፣ ከለውጡ በኋላ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። ፍራንክፈርት፣ ሮምና ስቶክሆልም በ6 እና በ7 ነው። እስራኤል ከአውሮፓ ሁለት ቀን ቀድማ ዓርብ ላይ ትቀይራለች፣ ከ7 ወደ 8 ሰዓት ትሄዳለች። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ እንደ አዲስ አበባ ሁልጊዜ 8፣ ዱባይ ሁልጊዜ 9 ነው።

የጉባኤ ማስታወቂያ ላይ «8 ፒኤም ኢኤስቲ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ወሩን ተመልከቱ። ኢኤስቲ በትክክለኛ ትርጉሙ ከዩቲሲ 5 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ጃማይካ ዓመቱን ሙሉ የምትኖርበት እሱ ነው። አሜሪካኖች ግን በሐምሌም ኢኤስቲ ብለው ይጽፋሉ፣ ማለት የፈለጉት የተገፋውን ሰዓት ነው። ስለዚህ በሐምሌ የተጻፈ «8 ፒኤም ኢኤስቲ» ጻፊው አሜሪካ ከሆነ ለኪንግስተን ከምሽቱ 7፣ ጻፊው ኪንግስተን ከሆነ 8 ነው። ከየት እንደተጻፈ ካልታወቀ መጠየቅ ነው፣ ገምቶ ማለፍ አይገባም። እኔ ብጠየቅ ፊደሎቹን ትቼ «በኪንግስተን ሰዓት» ወይም «በኒውዮርክ ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ እላለሁ።

ይኸው ስህተት ኮምፒውተር ውስጥም ይገባል። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ቀጠና ስትመርጡ ጃማይካ በስሟ አትገኝም። ኪንግስተን ያለ ሰው «ኢስተርን ታይም፣ ዩኤስና ካናዳ» የሚለውን ከመረጠ በክረምት ልክ ይመስለዋል፣ ማርች ላይ ግን ኮምፒውተሩ በራሱ አንድ ሰዓት ይዘላል። መምረጥ ያለበት «ቦጎታ፣ ሊማ፣ ኪቶ» የሚለውን መስመር ነው። ቀጠናውን ሳይነኩ ሰዓቱን ብቻ በእጅ መመለስ የባሰ ነው። የግድግዳ ሰዓቱ የተስተካከለ ይመስላል፣ የኢሜይሉና የቀጠሮው ሰዓት ግን ሁሉ በአንድ ሰዓት ይዛባል። ጉግል ካላንደር ላይ ጃማይካ በስሟ ስላለች እሷኑ መምረጥ ነው።

ስልክ ላይ ወይም ድረ ገጽ ላይ ከተማ ስትፈልጉም አገሩን አብራችሁ አንብቡ። ኪንግስተን በካናዳ ኦንታሪዮም፣ በእንግሊዝም አለ። ሴንት ቪንሰንት የምትባለው የካሪቢያን አገር ዋና ከተማ ኪንግስታውን ይባላል፣ እሱ ከዩቲሲ 4 ሰዓት ነው ወደ ኋላ የሚለው። «ጃማይካ» ብቻ ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ያለው ጃማይካ የሚባል ሰፈር ሊመጣላችሁ ይችላል። በክረምት ሁለቱ ተመሳሳይ ሰዓት ስለሚያሳዩ አይታወቅባችሁም፣ ማርች ላይ ይገለጣል። ስልክ ቁጥሩም ያሳስታል። የጃማይካ ቁጥር እንደ አሜሪካው በ1 ይጀምራል፣ የሚለየው ቀጥሎ በሚመጣው 876 ወይም 658 ነው።

ጎረቤት ደሴቶችን አይቶ መገመትም አያዋጣም። ካሪቢያን አንድ ሰዓት የላትም። ኬይማን ደሴቶች እንደ ጃማይካ 5 ላይ ጸንተው ይኖራሉ። ኩባ፣ ባሃማስና ሄይቲ ሰዓት ይቀይራሉ። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ፖርቶ ሪኮ፣ ባርቤዶስና ትሪኒዳድ ዓመቱን ሙሉ 4 ላይ ናቸው። ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አንድ ደሴት ተካፍለው እንኳ በክረምት ሰዓታቸው ይለያያል።

ይህ ሁሉ ትክክለኛነት ከጉባኤና ከሩጫ አልፎ የሰው ደህንነትን የሚነካበት ጊዜ አለ። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ አብዛኛው አሜሪካ ሰዓቷን በገፋችበት ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሄሪኬን ማዕከል ጃማይካን የሚያሰጋ አውሎ ነፋስ ሲኖር መግለጫውን የሚያወጣው በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት 5 እና 11 ላይ ነው፣ ጠዋትም ማታም። ለጃማይካ ይህ 4 እና 10 ነው። በሀበሻ ሰዓት ደግሞ 6 እና 12 ይሆናል፤ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6፣ ጠዋት 12። ማስጠንቀቂያ በተነገረበት ጊዜ በመካከሉ ተጨማሪ መግለጫ ይወጣል። ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም፣ በፈረንጁ ኦክቶበር 28፣ 2025፣ ደቡብ ምዕራብ ጃማይካ ኒው ሆፕ አጠገብ መሬት ሲረግጥ መግለጫው የጻፈው በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት ከቀኑ 1 ሰዓት ብሎ ነው። እዚያ ላሉት ሰዎች እኩለ ቀን ነበር፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ዘመድ ያለው ሰው «ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል» ብሎ ሊዘናጋ የሚችለው በእንዲህ ያለው የአንድ ሰዓት ልዩነት ነው። መግለጫዎቹ በዩቲሲ የታሰሩ ስለሆኑ አሜሪካ ሰዓቷን ስትመልስ የሚለወጠው የአሜሪካው ቁጥር ብቻ ነው። የኪንግስተኑ 4 እና 10፣ የእኛም 6 እና 12 ባሉበት ይቆያሉ።

በዓላትም ከዚህ ለውጥ ጋር ይጋጫሉ። ራስታዎች የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የንግሥ ቀን ኖቬምበር 2 ያከብራሉ፤ የአሜሪካ መቀየሪያ ደግሞ ከኖቬምበር 1 እስከ 7 ባለው እሑድ ላይ ነው። በ2024 በዓሉ ከለውጡ አንድ ቀን ቀድሞ ስለዋለ ኒውዮርክ ኪንግስተንን በአንድ ሰዓት ትቀድም ነበር። በ2025 በለውጡ ዕለት ዋለ። በ2026 ለውጡ ከበዓሉ አንድ ቀን ይቀድማል። ስለዚህ ኒውዮርክንና ኪንግስተንን በቀጥታ ስርጭት የሚያገናኝ ሰው የአምናውን ፕሮግራም መገልበጥ የለበትም። ንጉሡ ኪንግስተን የገቡበት ኤፕሪል 21፣ በእኛ ሚያዝያ 13፣ ሁልጊዜ ሰዓት ከተገፋ በኋላ ስለሆነ እንዲህ አያስቸግርም። ለእንቁጣጣሽ የሚደውል ሰው ደግሞ መስከረም 1 ጠዋት 12 ሰዓት አዲስ አበባ ሲነጋ ኪንግስተን ገና የዋዜማው ማታ 10 መሆኑን ያስብ።

ጃማይካ ለምን ሰዓት አትቀይርም? ሞክራለች፤ ከ1974 እስከ 1983 እንደ አሜሪካ ስትቀይር ቆይታ ተወችው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 18ኛው ዲግሪ ላይ ላለች አገር የሚገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። የጁን ረጅሙ ቀን ከ13 ሰዓት ብዙም አያልፍም፣ የዲሴምበሩ አጭር ቀን 11 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ እስከ 1912 ኪንግስተን በራሷ ፀሐይ ነበር የምትኖረው፤ ከግሪንዊች 5 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ወደ ኋላ። ዛሬም ፀሐይ ኪንግስተን አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ በእነሱ ሰዓት ከቀኑ 12 ሰዓት 7 ደቂቃ አልፎ ነው።

ለመንገደኛ ጥቂት ልጨምር። የአውሮፕላን ትኬት ላይ መነሻው በመነሻው አገር፣ መድረሻው በመድረሻው አገር ሰዓት ነው የሚጻፈው። በጁላይ ከኒውዮርክ ጠዋት 10 ሰዓት ተነስቶ ኪንግስተን ከሰዓት በኋላ 1 ሰዓት የሚደርስ በረራ አየር ላይ የቆየው 4 ሰዓት ነው። ስልካችሁ የመጣችሁበትን አገር ሲም ይዞ ኔትዎርክ ካላገኘ የድሮውን ሰዓት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ኤርፖርት ግድግዳ ላይ ካለው ሰዓት ጋር አስተያዩት። ከፍሎሪዳ በመርከብ የሚሄድ ሰው ከሁሉም ይበልጥ ይጠንቀቅ። ፋልማውዝ ወይም ኦቾ ሪዮስ ላይ የሚቆም መርከብ በአብዛኛው የራሱን ሰዓት ይዞ ይቀጥላል። መሬት ላይ ስልኩ 3 ሲል መርከቡ 4 ሊሆን ይችላል። ከመውረዳችሁ በፊት መመለሻው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ፣ ስልኩንም በዚያው በእጅ አስተካክሉት።

ዋሽንግተን፣ ኪንግስተንና አዲስ አበባ በየሳምንቱ የሚገናኙበት ቀጠሮ ካላችሁ በዋሽንግተን ሰዓት አትሰሩት። እሑድ እኩለ ቀን ብላችሁ በዋሽንግተን ከቆረጣችሁት አዲስ አበባ በበጋቸው ማታ 1፣ በክረምታቸው ማታ 2 ይሆናል፣ ኪንግስተንም 11 እና 12 እያለች ትዋልላለች። በኪንግስተን ሰዓት ከሠራችሁት ሁለቱ ከተሞች አይነኩም፣ ዋሽንግተን ብቻ ትቀያየራለች።

የቢሮ ጉዳይ ከሆነ ጊዜው ጠባብ ነው። ኪንግስተን ቢሮ 8 ሰዓት ተኩል ሲከፈት አዲስ አበባ 10 ሰዓት ተኩል ነው፣ የእኛ መንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ 11 ተኩል ላይ ይወጣል። በቀን የሚገናኙት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሜይ 23፣ ኦገስት 1፣ ኦገስት 6 እና የኦክቶበር ሦስተኛ ሰኞ እነሱ ዝግ ናቸው፣ ስቅለታቸውና ፋሲካቸውም በአብዛኛው ከእኛ ጋር አይገጥምም። ኪንግስተን ዓርብ ከሰዓት በኋላ 5 ላይ የተላከ መልስ አዲስ አበባ ቅዳሜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይደርሳል፣ የሚነበበው ግን ሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሚደውል ሰው ደግሞ እዚያ እኩለ ሌሊት ካለፈ ግማሽ ሰዓት ላይ ነው የሚደውለው። የሰነድ ወይም የፊርማ ጉዳይ ያለበት ሰው ጥያቄውን ረቡዕ አድርሶ ሐሙስ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ቢደውል ዓርብን ለማስተካከያ ያተርፋታል።