ጫኖ ላይ መሬት ስናጠያይቅ

ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው ቆላ ያምረዋል። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ለጥቅምት አንድ አጥንት ሲባል እኛ ዘንድ ከልብ ነው የሚባለው። የባለቤቴ ጉልበት ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ብርድ አልችል ብሏል። ስለዚህ ጡረታ ሳይደርስብን አንድ ትንሽ የፍራፍሬ ማሳ ይኑረን ተባብለን ወደ አርባ ምንጭ ወረድን።

ከሶዶ በኋላ መንገዱ መልኩን ይለውጣል። ቁልቁል በወረድን ቁጥር አየሩ እየሞቀ ሹራባችንን አወለቅን። ምዕራብ አባያ ስንገባ ዙሪያው ሙዝና ማንጎ ብቻ ሆነ፣ በግራችን ደግሞ አባያ ሐይቅ ተዘርግቷል፣ ውሃው ቀላ ያለ ነው፣ ያቀላው ከደጋው የሚወርደው አፈር ነው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባለቤቴ ከመኪና ወርዳ ያለ ምርኩዝ ስትራመድ ሳይ፣ እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን የጠየቁኝን ሁሉ የምከፍል መሰለኝ።

ደላላው ቶሎ ነው ያገኘን። "ሩብ ሄክታር፣ ሙዝ የተተከለበት፣ ውሃ ገብ፣ ዛሬውኑ ይሸጣል" አለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል እኮ አልኩት። "በኮንትራት መልክ ይጻፋላ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው" አለኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ካለ ይገርመኛል። ነገ ጠብ ቢነሳ እኔ ገንዘቤን አጣለሁ፣ ገበሬው ደግሞ ቀድሞውኑ ማሳውን አጥቷል። ማከራየት ግን ይቻላል፤ የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅም ገበሬው ከይዞታው ሳይፈናቀል ማከራየት እንደሚችል፣ በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው ሁሉ መስማማት እንዳለባቸውና ውሉም መመዝገብ እንዳለበት ደንግጎ ነበር። "ሳይፈናቀል" የሚለው ነው ልቤን የያዘው።

በማግስቱ ደላላውን ትተን ራሳችን አርባ ምንጭ አቅራቢያ ወዳለችው የገጠር ቀበሌ፣ ጫኖ ሄድን። አንድ አዛውንት ገበሬ ገጀራቸውን እንደያዙ ማሳቸውን አዞሩን። ሙዝ አንዴ ካፈራ ያ ግንድ አበቃለት፣ ይቆረጣል፣ የሚተካው ከሥሩ የበቀለው ነው። ከአንድ ጉጥ ላይ ሦስት ብቻ ነው የሚያስቀሩት፤ ፍሬ የያዘውን፣ ቀጥሎ የሚያፈራውን፣ ከዚያ ደግሞ ገና ብቅ ያለውን። ሌላውን እያወሩን ጠረቡት። ካልጠረቡት ሁሉም ይቀጭጫል፣ ዘለላውም ያንሳል። ፍሬ የከበደው ግንድ እንዳይወድቅ ባላ እንጨት ተደግፎለታል። በቆሎ ትተው ወደ ሙዝ የዞሩት ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ ስለሚገባ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ግን አይሱዙ ይዞ የሚመጣው ነጋዴ ነው። ሙዙ ጥሬውን ተቆርጦ አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ በኬሮሲን ጢስ ይበስላል፣ እኛ ሱቅ የምንከፍለው ዋጋና እሳቸው እጅ የሚገባው በጭራሽ አይገናኝም።

ስለ ውሃው ስጠይቃቸው ሳቅ አሉ። "ቦዩማ አለ። ጥር ላይ መጥታችሁ ውሃውን እዩት።"

ማሳቸውን የሚያጠጣው ሐሬ ወንዝ ነው። ሐሬ የሚነሳው ከጨንቻ ደጋ ነው፣ እኛ የሸሸነው ዓይነት ብርድና ጭጋግ ካለበት፣ ቁልቁል ወርዶ ማሳ ለማሳ ተከፋፍሎ የተረፈው አባያ ይገባል። እኛ በሄድንበት በጥቅምት ወንዙ ሞልቷል። በበጋ ግን ይቀጥናል፣ ውሃው በተራ ነው፣ ተራ ሌሊትም ሊደርስ ይችላል፣ ከቦዩ ጫፍ ያለ ሰው ደግሞ ከላይ ያሉት እስኪጠግቡ ይጠብቃል። የደላላው ሩብ ሄክታር የት ጋ እንደሆነ ስንነግራቸው ከቦዩ መጨረሻ ነው አሉን። መሬት ለመያዝ የምታስቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ከዋጋው በፊት የውሃ ተራውን ጠይቁ። አጎበርም ያዙ፣ ወባው ቀልድ አያውቅም።

የእሳቸው ማሳ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፣ ሁለቱም ከሥራቸው ነው የሚሠሩት። ባለቤቴ ወደ ልጆቹ አየት አድርጋ "እኛ ብንከራየው እነሱ የት ይገባሉ?" አለችኝ ቀስ ብላ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ማታ አልጋ በያዝንበት ቤት ስንመክር አመሸን። የደረስንበት ይሄ ነው፤ ማሳውን ሙሉ በሙሉ አንወስድም። ከአባትና ልጆቹ ጋር በእኩል እንሠራለን፣ ጥሩ ችግኝና ወጪው በእኛ፣ መሬቱና ጉልበቱ በእነሱ። ውሉ ወረዳው መሬት አስተዳደር ይመዘገባል፣ ሚስትየውም ልጆቹም ይፈርማሉ። አዛውንቱ ሐሳቡን ሰምተው ከቤተሰብ ልማከር አሉ። ይገባቸዋል። እኛም ጥር ላይ ተመልሰን ቦዩን ሳናይ አንፈርምም፣ ለመኖሪያ ግን አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ የሚከራይ ቤት ከወዲሁ እያጠያየቅን ነው።