ቨርቹዋል ማሽን ወደ አዲስ ሰርቨር ስታዛውሩ መመለሻውን አስቀድሙ

ቨርቹዋል ማሽን በሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር ነው፤ የዝውውሩ ቀላሉ ክፍል ዲስኩን መቅዳት ነው። ከባዱ፣ ቅዳሜ ማታ የተጀመረ ሥራ እሁድ ከሰዓት አልሆን ቢል ወደ አሮጌው ሰርቨር መመለስ የሚቻለው እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ነው። እዚህ የምጽፈው ብዙዎች እያሰቡበት ስላለው ዝውውር ነው፦ ዕድሜያቸው ካለፈ ሁለት የቪኤምዌር ሰርቨሮች ፕሮክስሞክስ ወደተጫነባቸው ሦስት አዳዲስ ሰርቨሮች። ቪኤምዌርም ፕሮክስሞክስም ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተናግዱ ሶፍትዌሮች ናቸው። ብሮድኮም ቪኤምዌርን በ2023 እ.ኤ.አ. ከገዛ በኋላ የዘላቂ ፈቃድ ሽያጭ ቆሞ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ስለመጣ ጥያቄው በየቢሮው አለ።

ከግዢ በፊት ለኩ። ቢያንስ የአንድ ወር አጠቃቀም ያዙ፤ ወሩ ደመወዝ የሚሠራበትን ሳምንት ማካተት አለበት። ለማሽኑ የተመደበለትን ሳይሆን በእርግጥ የሚጠቀመውን ተመልከቱ፤ 8 ፕሮሰሰር ተሰጥቶት 1 የማይሞላ የሚጠቀም ማሽን በየቦታው አለ።

የሚሞሪ ስሌቱ እንዲህ ነው። ማሽኖቹ በድምሩ 280 ጊጋባይት የሚፈልጉ ከሆነ፣ ከሦስቱ ሰርቨር አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ ይሸከሙታል፤ ለእያንዳንዱ 140 ማለት ነው። ለፕሮክስሞክስ ራሱና ለዜድኤፍኤስ (ዲስኮቹን ለሚያስተዳድረው የፋይል ሲስተም) መሸጎጫ 20 ጨምሩ፣ 160 ይሆናል። ገበያ ላይ ቀጥሎ የሚገኘው ልክ 192 ነው። የኤኤምዲ ኢፒክ 9004 ፕሮሰሰር 12 የሚሞሪ ቻናል ስላለው ባለ16 ጊጋባይት 12 የሚሞሪ ካርድ እዘዙ። ባለ32 ስድስት ብትገዙ መጠኑ ያው ነው፣ ግን ግማሹ ቻናል ባዶ ይቀርና የሚሞሪው ፍጥነት ይወርዳል። ዜድኤፍኤስ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ዲስኮቹን በቀጥታ የሚያሳይ ካርድ ይሁን፤ ሬይድ የሚሠራ (ብዙ ዲስክን እንደ አንድ የሚያሳይ) ካርድ በመሃል ሲገባ ዜድኤፍኤስ የዲስክ ስህተትን በትክክል አያይም።

የዊንዶውስ ሰርቨር ፈቃድ የሚቆጠረው በፕሮሰሰር ኮር ነው። ትንሹ ለአንድ ሰርቨር 16 ኮር ሲሆን፣ ስታንዳርድ የሚባለው ሁሉም ኮር ከተሸፈነ በኋላ 2 ቨርቹዋል ማሽን ብቻ ይፈቅዳል። ስለዚህ 32 ኮር ያለው ሰርቨር መግዛት የፈቃዱን ወጪ እጥፍ ያደርገዋል። በጀቱ ሳይጸድቅ ይህ መታወቅ አለበት።

ሰዓቱን አስሉት። በ1 ጊጋቢት ኔትወርክ በተግባር የሚገኘው በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 2 ቴራባይት 5 ሰዓት ይፈጃል። ስዊቹን ወደ 10 ጊጋቢት ማሳደግ ብቻውን ብዙ አይለውጥም፤ አሮጌዎቹ ዲስኮች በሰከንድ 150 ሜጋባይት ብቻ የሚያነቡ ከሆነ አሁንም 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያስፈልጋል። አንድ 100 ጊጋባይት የሆነ ማሽን አዛውሩና ትክክለኛውን ፍጥነት ከዚያ ውሰዱ። ስናፕሾት (የማሽኑ የአንድ ወቅት ሁኔታ የተያዘበት) ያለበት ማሽን ሲዛወር እጅግ ስለሚዘገይ ስናፕሾቱን ከሳምንት በፊት አጥፉት።

የፕሮክስሞክስ የማስገቢያ መሣሪያ ከእትም 8.2 ጀምሮ አለ፤ ማሽኑን ኢኤስኤክስአይ (የቪኤምዌር ሲስተም) ካለበት አሮጌ ሰርቨር በቀጥታ ይስባል። ዊንዶውስ ግን ሰማያዊ ስክሪን ላይ የሚቆምበት የታወቀ ምክንያት አለ፦ ማስነሻ ዲስኩ በቨርትአይኦ (ለቨርቹዋል ማሽን በተሠራው ፈጣን ግንኙነት) ሲገናኝ ዊንዶውሱ ውስጥ ድራይቨሩ የለም። መጀመሪያ በሳታ (በተለመደው የዲስክ ግንኙነት) አስነሡት፣ 1 ጊጋባይት የሆነ ባዶ የቨርትአይኦ ዲስክ ጨምሩለት፣ ድራይቨሩን ጫኑ፣ አጥፉት፣ ከዚያ ዋናውን ዲስክ ወደ ቨርትአይኦ ቀይሩ። ማሽኑ በባዮስ (በአሮጌው የማስነሻ ዘዴ) ይነሣ የነበረ ከሆነ በባዮስ፣ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ) ከሆነም በዚያው መቀጠል አለበት፤ ከተምታታ ዲስኩን ጨርሶ አያገኘውም። ዲስኩ በዊንዶውሱ ቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን በወረቀት ያዙ፣ ቁልፉን የሚይዘው የቨርቹዋል ቲፒኤም ይዘት አብሮ አይሻገርም። ሊኑክስ ላይ ደግሞ የኔትወርክ ካርዱ ስም ይለወጣል፤ ቋሚው አይፒ በአሮጌው ስም ስለተጻፈ ማሽኑ ይነሣል እንጂ አይገናኝም።

በማሽኑ ውስጥ የሚጫነው የቪኤምዌር ቱልስ (የድራይቨሮች ጥቅል) ነገር ትንሽ ያከራክራል። ከዝውውር በኋላ ማራገፉ ስለሚያስቸግር ቀድሞ ማውጣት ይመከራል፤ ነገር ግን ሲወጣ የኔትወርክ ድራይቨሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ መመለሻ ይሆናል ያላችሁት አሮጌ ማሽን ኔትወርክ የሌለው ይሆናል። ስለዚህ ከማራገፋችሁ በፊት ሙሉ ባክአፕ ውሰዱ፣ ባክአፑንም ሌላ ቦታ መልሳችሁ አስነሥታችሁ እዩት። ያልተሞከረ ባክአፕን እንደ መመለሻ አትቁጠሩት።

እኛ ጋ በተለይ መታሰብ ያለበት መብራት ነው። በዝውውሩ ሳምንት አምስቱም ሰርቨር አንድ ላይ ስለሚሠሩ ለሁለት ሰርቨር 20 ደቂቃ ይይዝ የነበረው ዩፒኤስ ጀነሬተሩ ሳይነሣ ሊያልቅ ይችላል። ሌላው አደጋ የባሰ ነው፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ በራስ መነሣት ከተከፈተላቸው አሮጌው ኢኤስኤክስአይ ያጠፋችኋቸውን ማሽኖች በራሱ ያስነሣቸዋል። ያኔ አንድ አይፒ ያላቸው ሁለት ማሽኖች ይኖራሉ፣ ተጠቃሚውም ግማሹ መረጃ ወደ አሮጌው እየተጻፈ መሆኑን አያውቅም። አንድ ማሽን እንደተዛወረ በአሮጌው በኩል በራስ መነሣቱን ዝጉ፣ የኔትወርክ ካርዱንም ንቀሉ።

ሁሉም ማሽን በዲስክ ቅጂ አይዛወርም። ዶሜይን ኮንትሮለርን (የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚቆጣጠረውን ሰርቨር) አትቅዱት፤ አዲስ ገንብታችሁ ከነባሩ ጋር እንዲመሳሰል አድርጉና አሮጌውን በሥርዓቱ አሰናብቱት። ሰዓቱንም አጣሩ፣ ማንነት የሚያረጋግጠው ከርቤሮስ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ ማንንም አያስገባም። ትልቅ ዳታቤዝም በሬፕሊኬሽን (እየሠራ ለውጡን ወደ አዲሱ እየላከ) ቢሄድ መቋረጡ ከሰዓታት ወደ ደቂቃዎች ይወርዳል።

ቅደም ተከተሉ ከማይጎዳው ይጀምር፦ መጀመሪያ የሙከራ ማሽን፣ ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንድ ትንሽ፣ በመጨረሻ የሂሳብና የፋይል ሰርቨሩ። የሂሳብ መዝጊያ የሆነውን የሰኔ መጨረሻና የሐምሌን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ተዉት። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ተጠቃሚ ይዘጋል፤ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት የመወሰኛው ሰዓት ነው። እስከዚያ የሂሳብ ክፍሉ ሰው ገብቶ አንድ ደረሰኝ ሠርቶ፣ አትሞ፣ ሪፖርት አውጥቶ ካላረጋገጠ ወደ አሮጌው ተመለሱ። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው አዲሱ ላይ መጻፍ ከጀመረ በኋላ መመለስ ማለት የዚያን ቀን ሥራ መጣል ነው፣ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ችግር እዚያው አዲሱ ላይ ይፈታል።

አሮጌዎቹ ሰርቨሮች ሙሉ አንድ የወር መዝጊያ እስኪያልፍ ጠፍተው ይቀመጡ። ከዚያ ዲስኮቹ ተደምስሰው፣ የእያንዳንዱ መለያ ቁጥር በንብረት መዝገቡ ላይ ተጽፎ ከራኩ (ከሰርቨር መደርደሪያው) ይውጡ።